መዳን ለብቻ ነው ወይስ ከነቤተሰብ?

ባለፈው ክረምት ነው። ባሕር ዳር፣ አክስቴ ቤት፣ ቡና ላይ ነን። አቦሉ ተጠጥቷል፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። ዝናቡ ከጣና በኩል መጥቶ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የአክስቴ ልጅ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገብቷል። ጌታን ከተቀበለ ሦስት ወሩ ነው። ሲኒውን አስቀመጠና ድንገት ጠየቃት።

«እማዬ፣ ድነሻል?»

«ከጉልበቴ ነው?» አለች። «ጸበሉን ከጀመርኩ ወዲህ ተመስገን ነው፣ ቀለል ብሎኛል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። «ጉልበትሽን አይደለም እማዬ፣ ነፍስሽን ነው። አሁን ብትሞቺ የት እንደምትሄጂ ታውቂያለሽ?»

አክስቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አቃናችና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አንተስ ብቻህን ገነት ገብተህ ከማን ጋር ልትጫወት ነው?» አለችው።

ቡናው በረካ ሳይደርስ ቀረ። እሱ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ፣ እሷ ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመረች።

እኔ ሁለቱን ጥያቄዎች ይዤ ቀረሁ። ከተማችን ውስጥ ይህ ክርክር ያልገባበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ አለ፣ ዶርም ውስጥ አለ፣ ቲክቶክ ላይማ ሌሊቱን ሙሉ ላይቭ ነው። አብዛኛው ጥቅስ መወራወር ነው። አንዱ ኤፌሶንን ይወረውራል፣ ሌላው ያዕቆብን ይመልሳል፣ ከዚያ ስድብ ይከተላል። እኔ ኦርቶዶክስ ቤት ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ፍጹም ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላታልላችሁም። ግን ሁለቱም ምን እያሉ እንደሆነ በተራ አማርኛ ለማስረዳት ልሞክር።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ። በአማርኛ ሰው ከወባም ይድናል፣ ከኃጢአትም ይድናል። መድኃኒት፣ መድኃኔ ዓለም፣ አዳኝ፣ ድኅነት፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። (ድኅነትን በ«ኅ» ጻፉት እባካችሁ። ፌስቡክ ላይ «ነገረ ድህነት» የሚል ጽሑፍ አይቼ ስለ ኑሮ ውድነት መስሎኝ ከፍቼዋለሁ።)

ስለዚህ አክስቴ «ከጉልበቴ ነው?» ማለቷ የዋህነት ብቻ አይደለም። ለእሷ መዳን ሕክምና ነው። ሰው ሐኪም ቤት በገባ ቀን «ዳንኩ» አይልም። ካርድ ያወጣል፣ መርፌውን ይወጋል፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውጣል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርትም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ዓለሙን አድኗል፣ ይህ ያለቀለት ነው። እኔ ግን ወደዚያ መዳን የምገባው በጥምቀት ነው። በንስሐና በቁርባን እኖርበታለሁ። ፍጻሜውን የማየው ደግሞ እስከ መጨረሻው ስጸና ነው። «ድነሃል?» የተባለ ኦርቶዶክስ «እሱ ያውቃል» ወይም «ያድነን» ብሎ የሚመልሰው ጥያቄውን ሊያመልጥ ብሎ አይደለም። ገና ሕክምና ላይ ነዋ።

ለአክስቴ ልጅ ደግሞ መዳን ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው «ነጻ ነህ» ካለ ነጻ ነህ። ግማሽ ነጻ የሚባል ነገር የለም። ዕዳውን ሌላ ሰው ከፍሎታል፣ ያ ሌላ ሰው ክርስቶስ ነው፣ የአንተ ድርሻ ማመን ነው። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. ከ1517 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ያስነሣው ነገር ልቡ ይኸው ነው። ሰው በሥራው ብዛት አይጸድቅም፣ በጸጋ፣ በእምነት ብቻ ይጸድቃል። በዚህ ጆሮ ሲሰማ «ድኛለሁ» ጉራ አይደለም። እንዲያውም «እኔ ምንም አላዋጣሁም» ማለት ነው።

አሁን አለመስማማቱን እዩት። እሱ «ድኛለሁ» ሲል እሷ የምትሰማው «ጻድቅ ነኝ» ነው። ማን ሾመህ ትላለች። እሷ «ያድነን» ስትል እሱ የሚሰማው «መስቀሉ አይበቃም» ነው። ሁለቱም ያልተባለውን ሰምተው ይናደዳሉ።

ግን የአክስቴ ጥያቄ ይህ አልነበረም። የእሷ ጥያቄ «ብቻህን» የሚለው ነበር። ከባዱም እሱ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ይጠቅመናል። እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እናንተ»ንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው። የእኛ ግሥ ግን አንድን ከብዙ ይለያል፣ አይደብቅም። እስቲ ሁሉም የሚወራወሯቸውን ጥቅሶች በዚህ ዓይን አንብቧቸው። ሮሜ 10፥9 «ትድናለህ» ይላል፣ ለአንድ ሰው። በአፍህ ብትመሰክር፣ በልብህ ብታምን። ስለ ግል እምነት ከዚህ የጠራ ጥቅስ የለም። ኤፌሶን 2፥8 ግን፣ «በጸጋ ነው የዳንኩት» የሚል ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው፣ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ነው የሚለው። አችኋል። ለብዙ። ኦርቶዶክሱ የሚመልስበት ፊልጵስዩስ 2፥12ም «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» ይላል። እሱም ለብዙ ነው። ጳውሎስ የሚጽፈው ለአንድ ሰው ስልክ አይደለም፣ ተሰብስቦ ለሚሰማ ማኅበር ነው።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 16፥31 ነው። የፊልጵስዩስ እስር ቤት ጠባቂ በመሬት መንቀጥቀጡ ሌሊት ደንግጦ «እድን ዘንድ ምን ማድረግ ይገባኛል?» አለ። ጳውሎስና ሲላስ «በጌታ በኢየሱስ ክርስቶስ እመን አንተና ቤተ ሰዎችህ ትድናላችሁ» አሉት። እመን አንድ ነው። ትድናላችሁ ብዙ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከነጠላ ተነሥቶ በብዙ ያልቃል። በዚያው ሌሊት ከነቤተሰቡ ተጠመቀ። በቤቱ ሕፃን ነበረ አልነበረም? መጽሐፉ አይናገርም። በዚያ ዝምታ ላይ ስንት መጽሐፍ ተጽፏል!

አንድ ሌላ ልጨምር፣ ከዚያ ከጥቅስ እንወጣለን። ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባ ተሸክመው ይመጣሉ። ቤቱ ስለሞላ ጣራ ነድለው ያወርዱታል። በጣና ዙሪያ ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለማየት ሥዕል አያስፈልገውም። ሰው ሲታመም ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ፣ እየተቀባበለ፣ እስከ መንገድ ወይም እስከ ጀልባ ያደርሰዋል። ወንጌሉ ታዲያ ምን ይላል? «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ሽባውን ኃጢአትህ ተሰረየችልህ አለው። እምነታቸውን። የተሸካሚዎቹን። ሽባው ራሱ ቃል አልተነፈሰም። ሦስት ምዕራፍ ዝቅ በሉና ምዕራፍ 5 ላይ ደም የሚፈሳት ሴት አለች። ማንም አልተሸከማትም። እንዲያውም ሰው ሁሉ እየገፋት ነው በሕዝቡ መሐል ሾልካ ልብሱን የነካችው። እሷንስ ምን አላት? «ልጄ ሆይ፥ እምነትሽ አድኖሻል።» እምነትሽ። ያንቺ። አንድ ወንጌል ነው፣ ሁለቱንም ይዟል።

እንግዲህ ጠቡ ማመን ያስፈልጋል አያስፈልግም አይደለም። አያስፈልግም ያለ የለም። ጠቡ የሌላ ሰው እጅ እኔን ሊሸከመኝ የሚችለው እስከ የት ድረስ ነው የሚል ነው።

አምና የእህቴ ልጅ ክርስትና ስትነሣ ቆሜ ነበር። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ነው። ገና አልነጋም፣ ከሐይቁ ብርድ ይመጣል፣ ሕፃኗ በነጭ ጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። የክርስትና እናቷ አቀፈቻት። ቄሱ ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን እንድትክድ፣ ወደ ምሥራቅ አዙረው በሥላሴ እንድታምን አደረጓት። የመለሰችው ግን የክርስትና እናቷ ናት፣ በ«እኔ»። «እክሕደከ ሰይጣን» ያለችው ለሌላ ሰው ነፍስ ነው። ውኃው ሲነካት ልጅቷ ነቅታ ጩኸቷን ለቀቀችው፣ አንዲት አሮጊት «ሰይጣን ሲወጣ ነው» አሉ። ከዚያ ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተብ አንገቷ ላይ ታሰረ፣ የክርስትና ስም ወጣላት፣ በዚያው ጠዋት ቆረበች። የ80 ቀን ልጅ። ምን አምና?

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ይህ ነው። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። የኦርቶዶክስ መልስ ደግሞ ስታመም መጀመሪያ አዋቂ ልሁንና መድኃኒቱን በራሴ ልምረጥ አልልም የሚል ነው። ሰው ቋንቋውን፣ እናቱን፣ አገሩን መርጦ አልተወለደም። ጸጋም እንዲሁ ሳይጠይቅ ይቀድመዋል። በኋላ አድጎ የራሱ ያደርገዋል፣ ወይም ይጥለዋል።

ይህ የእጅ ነገር የሕይወት መሐል ላይም አለ። በጀልባ ዜጌ የሄደ ሰው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ የግድግዳውን ሥዕል አይቶ ይሆናል። እዚያ በላዔ ሰብእ አለ። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። በመጨረሻ ለአንድ ለተጠማ ድኃ፣ ስለ እመቤታችን ብሎ ሲለምነው፣ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በሚዛኑ ቀን ያ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ ደፋ። ፕሮቴስታንት ወዳጄን ይዤው ስሄድ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ራሱን ያዘ። «ወንጌሉ የት ሄደ?» አለኝ። የእኛ መምህራን እንደሚሉት ውኃው ዋጋ ሆኖ አልከፈለም፣ ሰውየው ምሕረት ያገኘው እመቤታችን ከልጇ ስለ ተቀበለችው ቃል ኪዳን ነው፣ ምሕረቱም የእግዚአብሔር ነው። የካቲት 16 ቀን ሕዝቡ የሚያከብረው ይህን ኪዳን ነው። ወዳጄ ደግሞ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5ን ጠቀሰ፣ መካከለኛው አንድ ነው። ተከራከርን፣ አልተስማማንም። ስንመለስ ጀልባው ላይ ለውዝ ገዝቶ አካፈለኝ።

መጨረሻው ላይ ግን ልዩነቱ እንደ ገደል ነው። ኦርቶዶክስ ሲሞት ፍትሐት አለው። በሕፃንነቱ የወጣለት ያ የክርስትና ስም እንደገና ይጠራል። አርባው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ። የማኅበሩ እጅ ከመቃብር ወዲያም ይዘረጋል። ለፕሮቴስታንቱ በሩ የሚዘጋው ሞት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጸለይለት ለሐዘንተኛው እንጂ ለሟች አይደለም። አክስቴን ያን ቀን ያስከፋት ይህ እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ስለ ጸጋና ስለ ሥራ አይደለም። «እኔ ስሞት ይኼ ልጅ አያስፈታኝም» ብላ ነው።

ይህ ነገር በጣና ዳር አዲስ አይደለም። ዓፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በይፋ አሳወቁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይሾሙ አለ። ይህን ትእዛዝ እንደ አንድ ጎጃሜ ገበሬ ስሙት። የእኔ ጥምቀት ጥምቀት ካልነበረ፣ አባቴስ? አያቴስ? እነሱ የት ናቸው? የአንድ ሰው እምነት ተነካ ሳይሆን የሙታኑ ሁሉ ተነካ። አመፅ ሆነ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

በዚያ ዘመን የነበረችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ለዚህ ጽሑፍ የተወለደች ትመስለኛለች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የንጉሡ ባለሟል ነበር። በሃይማኖቱ ጉዳይ ከንጉሡ ጎን ሲቆም ጥላው ወጣች። ከትዳር፣ ከቤተ መንግሥት፣ ከንጉሥ ትእዛዝ ጋር ብቻዋን ተጋጨች፣ ተሰደደች። ከዚህ በላይ የግል እምነት ምን አለ? የተሰደደችለት ነገር ግን የጋራው ነበር፣ የአባቶቿ ተዋሕዶ። ቀሪ ዕድሜዋንም በጣና ዙሪያ ማኅበር ስትተክል ነው የጨረሰችው። ሰባት ማኅበራት መሥርታለች፣ እ.ኤ.አ. በ1642 አርፋለች፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ያለው የቆራጣ ገዳም ዛሬም በስሟ ይጠራል። እሷን «የግል» ወይስ «የማኅበር» ብላችሁ ትመድቧታላችሁ?

«ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መዳን የለም» የሚለውን ቃልም ብዙ ሰው በራሳችን ሊቃውንት የተባለ ይመስለዋል። በሦስተኛው መቶ ዓመት የሰሜን አፍሪካው፣ የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ የጻፈው ነው። የጻፈውም በዚሁ በጥምቀት ጉዳይ ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን በተለዩ ሰዎች እጅ የተደረገ ጥምቀት ይቆጠራል አይቆጠርም ሲባል። ካቶሊኮች ቃሉን ዛሬም አልጣሉትም። ነገር ግን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ሰነድ፣ ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ያላወቀ፣ ግን እግዚአብሔርን በቅን ልብ የሚፈልግ ሰው ሊድን ይችላል አሉ።

ፕሮቴስታንቱም አንድ ወጥ አይደለም። ይህን ጎረቤቶቼ አያውቁም። «ጴንጤ» ብለን በአንድ ጆንያ እንከታቸዋለን። መካነ ኢየሱስ የሉተር ወገን ናት፣ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት ግን የሚያጠምቁት በራሱ አፍ የመሰከረን ሰው ነው። ይህ ጠብ በእነሱም ቤት ደም አፍስሷል። እ.ኤ.አ. በ1525 ዙሪክ ውስጥ አንዳንዶች «የሕፃንነት ጥምቀታችን አይቆጠርም» ብለው እንደገና ተጠመቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመካከላቸው ፌሊክስ ማንዝ የተባለውን የከተማው ሹማምንት ወንዝ ውስጥ አሰጠሙት። ፈራጆቹ ካቶሊኮች አልነበሩም፣ ራሳቸው ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ካልቪን ደግሞ፣ ከሉተር ቀጥሎ ትልቁ መምህራቸው፣ ቤተ ክርስቲያንን የአማኞች እናት ብሏታል። የአክስቴ ልጅ ራሱ ብቻውን የዳነ ሰው አይመስልም። ማክሰኞ ኅብረት አለው፣ ዓርብ የቤት ጸሎት አለው፣ ባጃጁ ሲበላሽ ጎማ የገዙለት ወንድሞቹ ናቸው። «ብቻዬን ነው ያመንኩት» ይላል፣ ግን እንደ እሱ በሰው የተከበበ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም።

የእኛንም ጉድ ልናገር። አንገታችን ላይ ማዕተብ አለ፣ ጥምቀት ሲደርስ ነጭ ለብሰን ታቦት እናጅባለን፣ እስከ ሐይቁ እየጨፈርን እንወርዳለን። ሥጋ ወደሙ ሲቀርብ ግን የሚሄዱት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጥቂት በቁርባን የተጋቡም አሉ። እኛ መሐሉ ላይ ያለነው ቅጽር ውስጥ ዛፍ ተደግፈን ቆመን እናስቀድሳለን፣ ስንሸመግል እንቆርባለን እንላለን። ቅዳሴው ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ «ነአምን» ነው የሚባለው፣ «እናምናለን»፣ በብዙ። ድምፁ ሰፊ ነውና ከውስጡ መደበቅ ቀላል ነው። የአክስቴ ልጅ «ክርስትናዬ የእናቴ ነበር፣ የእኔ አልነበረም» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። እሱም ሲቀጥል «ከሰው አልተቀበልኩም፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው» አለኝ። ይህን ግን አላሳለፍኩትም። በግራኝ ጦርነት ዘመን እነዚህ የጣና ደሴቶች መጽሐፍና ንዋያተ ቅድሳት የሸሸጉ ናቸው። መጽሐፉንስ ማን ጠብቆ አመጣልህ? አልኩት። ሳቀ። «እሱ ልክ ነው» አለ።

ኅዳር ላይ ከአክስቴ ቤት ሁለተኛው ግቢ ያሉ ሽማግሌ ሞቱ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የእድር ጡሩምባ ተነፋ። ስደርስ የአክስቴ ልጅ ድንኳኑን እየተከለ ነበር፣ እጁ በጭቃ ተለውሷል። ከዚያ በባጃጁ አሮጊቶችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያመላልስ ዋለ፣ ከማንም ሳንቲም አልተቀበለም። ፍትሐት ሲጀመር ግን ቅጽር አልገባም። ከበሩ ውጭ ባጃጁን ተደግፎ ቆመ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ታደለ። እሱ ውጭ ነው። አክስቴ በሳህን ይዛለት ወጣች። ሳህኑን አየና አመነታ።

«እማዬ፣ ጸሎት የተደረሰበት ነው?»

«ስንዴና ሽምብራ ነው» አለችው። «ብላ።»

ዘገነ። ትንሽ አኘከና «ጨው አንሶታል» አላት።